ሌዮናር ስለ መበለት ቤት የመሰከረው

በፈረንሳይ የኦቨርኙ ወይን ገበሬ ሌዮናር ፓዩ ፊደል ሳይቆጥር ሰባ ዓመት አለፈው። የመንደሩ የላሮሽ ሰዎች ግን በውርስም በወሰንም ሲጣሉ እሱን ይጠይቁ ነበር። ሕግን በአንቀጽ አያውቀውም፤ እከሌ ከእከሌ ተጣልቶ መጨረሻው እንዲህ ሆነ እያለ በታሪክ ነው የሚይዘው። የተመሰገነበትም፣ መከራ ያመጣበትም ይኸው ነው።

ንጉሡ የየአገሩ ልማድ ይጻፍ ብለው አዘው ዳኛና ጸሐፊ መጡ። ደንቡ አስር ሽማግሌዎች ምለው፣ ውጭ ወጥተው መክረው፣ በአንድ ሰው አፍ እንዲመሰክሩ ነው። አፍ የሆነው ሌዮናር ነበር። እሱ ደግሞ የራሱ ጭንቀት አለበት። ልጁ ጊዮሜት ባሏ በጥር ሞቶባታል፤ ልጅ የላትም፤ የባሏ ወንድም ማቱረን ቤቱን ልቀቂ እያለ መድረሻ አሳጥቷታል። በላሮሽ ልማድ መበለት እስክትሞት ወይም ሌላ እስክታገባ ከባሏ ቤት የሚነቀንቃት የለም። ይህ ከተጻፈ ጊዮሜት ዳነች።

ሌዮናር ይህንኑ ጥርት አድርጎ ተናገረ።

«ተከራክሮበት የሚያውቅ ሰው አለ?» አለ ዳኛው።

«አለ እንጂ፣ አንድ ጊዜ!» አለ ሌዮናር ፊቱ በርቶ። «በአባቴ ዘመን ጎደፍሯ የሚባል ስግብግብ የወንድሙን ሚስት አስወጣ። ቀዬው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ መልሶ አስገባት። እሱም በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ፤ ወይኑንም ጠጣንለት!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ዳኛው ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ጻፍ። ክርክር ተነሥቶበታል።»

«ጌታዬ፣ ተረታ እኮ!»

«ማን ፈረደበት? የፍርዱ ጽሑፍስ?»

«እኛ ነና! ምን ጽሑፍ አለ?»

«ያከራከረ ልማድ አይጸናም። የከተማው ደንብ ይሠራል፤ መበለቲቱ ከዛሬ ጀምሮ በአርባ ቀን ቤቱን ትልቀቅ።»

«እንግዲያስ አልተናገርኩም፤ ፋቀው!»

«አባት፣ ምለህ እኮ ነው የተናገርከው።»

ማቱረን ከኋላ ሆኖ «ሌዮናር፣ ዕድሜ ይስጥህ!» ብሎ ጮኸ። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ሌዮናር ተራግሞ ይወጣለት ነበር።

ጊዮሜት ደጅ ጠበቀችው። «አባዬ፣ ተጻፈ?»

ነገራት።

«የጎደፍሯን ነገር ምን ብለህ አነሳህላቸው?»

«ልማዱን የሚያጸናው እሱ መስሎኝ ነው፣ ልጄ። እኛ ዘንድ ያጸናዋል።»

አርባው ቀን ሲቃረብ ሌዮናር የዘጠኙን ሽማግሌዎች ቤት አንኳኳ። ማቱረን ሲመጣ አብረውት ደጅ ላይ እንዲቆሙ ብቻ ነው የለመናቸው። ሁሉም እጁን ይዘው አስገቡት፣ አዘኑለት፣ ወይን ቀዱለት። የመጨረሻው ሽማግሌ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መለሰለት።

«ቢሆንልንማ አባቶቻችን እንዳደረጉት እናደርግ ነበር፣ ሌዮናር። አሁን ግን ተጽፏል።»

በአርባኛው ቀን አባትና ልጅ አልጋዋን ግራና ቀኝ ይዘው አወጡ። መንደሩ በሙሉ በየደጁ ቆሞ አያቸው። አንድም ሰው አልቀረበም።