በሰባት ፈንታ ስምንት

የምሠራው ፒያሳ ውስጥ፣ ደረጃው በእግር ሥር በሚንቋቋ አሮጌ ፎቅ ላይ ባለ ትርጉም ቤት ነው። ሰው የልደት ካርዱን፣ የጋብቻ ወረቀቱን፣ የትምህርት ማስረጃውን ይዞ ይመጣል፤ እኛ ወደ እንግሊዝኛ እንመልስለታለን፤ አለቃዬ ከዋናው ጋር ያመሳክሩና ፈርመው ማኅተም ይመቱበታል። ስቀጠር «በሥራ ላይ ለአንቺ ከሁሉ የሚበልጠው ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። «ሐቀኝነት» አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል? ለቃለ መጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ ሐቀኛ ነው። እሳቸውም ፈገግ ብለው ወንበሬን አሳዩኝ።

በዚህ ሥራ ከቋንቋው ይልቅ የሚያስቸግረው ዘመኑ ነው። የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጆቹ ለመቀየር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ መጀመሪያ ለተወለደ ሰባት ይደመራል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ ስምንት። አለቃዬ ይህንኑ በካርቶን ጽፈው ከኮምፒውተሬ በላይ ለጥፈውታል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለአንደኛ ክፍል ነው» እያልኩ እቀልድባቸው ነበር። እሳቸው ግን አላነሡትም።

አንድ ቀን የሚያዝያ፣ የሰኔ፣ የነሐሴ ልጆች ተከታትለው መጡ። ስምንት፣ ስምንት፣ ስምንት ስደምር አረፈድኩ። ቀጥሎ የመጣችው የኅዳር ልጅ ነበረች፤ እጄ ግን ለምዶ ኖሮ ለእሷም ስምንት ደመረላት። አለቃዬም ያን ሰሞን የንግድ ፈቃዱ እድሳት ሐሳብ ሆኖባቸው ነበርና ሳያመሳክሩ ፈረሙ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ታዲያ ከወር በኋላ ነው።

ከወር በኋላ አንድ ሽማግሌ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጥተው ገቡ። ልብስ ሰፊ መሆናቸው ኮታቸው ላይ ከተሰኩት መርፌዎች ያስታውቃል። ገና ሳይቀመጡ «ልጄ፣ ይቅርታ፣ ላስቸግራችሁ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ውጭ አገር ስኮላርሺፕ አግኝታለች። ትምህርት ቤቱ ግን የፓስፖርቷና የልደት ካርዷ ትርጉም በአንድ ዓመት ስለተለያዩበት፣ በአሥር ቀን ውስጥ የሚያስረዳ ወረቀት ካልላከች ዕድሉን ለሌላ እንደሚሰጥ ጽፎላታል። ከአሥሩ ቀን አራቱ አልፏል።

«የፓስፖርቱን ፎርም የሞላሁት እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «በጣቴ ቆጥሬ ሰባት ደመርኩ። እናንተ የተማራችሁት ስምንት ብላችኋል። እና ትርጉሙ ትክክል ነው የሚል ደብዳቤ ብትጽፉልኝ፣ እሱን ይዤ ፓስፖርቱን ላስቀይር ነው።»

ዋናውን የልደት ካርድ ተቀብዬ አየሁት። ኅዳር ይላል። ክው አልኩ። እሳቸው ልክ ናቸው፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። «አባባ፣ የእኔ ስህተት ነው» ለማለት አራት ቃል ይበቃ ነበር፤ አፌ ግን እምቢ አለኝ። «ይቀመጡ» ብቻ አልኩ። እሳቸው ቁጭ ብለውም ይቅርታቸውን አላቆሙም። «ልጅቷ ይህን ካወቀች ወዲህ አታናግረኝም። አልፈርድባትም፤ ስንት ዓመት የለፋችበትን ነው ያበላሸሁባት» አሉ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ለእኔ ጥፋት እኔኑ ይቅርታ ሲጠይቁኝ ተቀምጬ ሰማሁ።

አለቃዬ ከውስጠኛው ክፍል ወጥተው ሁለቱን ወረቀቶች አገላበጡ። ከዚያ ቀና ብለው ካርቶኑን አዩ። እንደገባቸው አወቅሁ። ለሽማግሌው ግን «ወንድሜ፣ ነገ ከሰዓት ብቅ ይበሉ፣ ይደርሳል» ብለው ሸኟቸው።

ሰውየው ደረጃውን እስኪጨርሱ ጠብቄ «ኅዳር ነው» አልኳቸው።

«አይቻለሁ» አሉኝ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ። «ፈቃዳችን የሚታደሰው በዚህ ሳምንት ነው። ተሳስተናል ብለን በገዛ ማኅተማችን ጽፈን እንስጥ? ሰውየው እንደሆኑ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለዋል። ፓስፖርቱን ያስተካክሉት። አንድ ዓመት ብታንስ ደግሞ ልጅቷም አትጠላም።»

«በስድስት ቀን ፓስፖርት ይቀየራል?» አልኳቸው። መነጽራቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ጀመር።

ክፉ ሰው አይደሉም። አቅም የሌለው ሲመጣ በነጻ ሲሠሩለት በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም ብሆን በዚያ ሰዓት አልተከራከርኳቸውም። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር ቀለል አለኝ፤ ዝም በይ የሚለኝ ሰው ስላገኘሁ። ሥራዬን ከማጣት ይልቅ የፈራሁት «ሰባትና ስምንት የማትለይ ተርጓሚ» መባልን ነበር። አራዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከወጣልሽ እስከ ልጅ ልጅ ይከተልሻል።

ከሥራ ስንወጣ ወደ ስድስት ኪሎ በእግሬ አቀናሁ። እስከ ግማሽ መንገድ አለቃዬን ስረግማቸው ሄድኩ። ቀጥሎ ሽማግሌው ላይ ተናደድኩ፤ ሰው እንዴት ልክ ሆኖ ሳለ አይከራከርም? አራት ኪሎ ስደርስ የምናደድበት ሰው አለቀብኝ፤ እኔው ቀረሁ። እናቴ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ማለት ትወዳለች። ስድስት ቀን ለቀራት ልጅ ግን እያደር ምን ያደርግላታል?

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፦ የፓስፖርቱ ዓመት ትክክል ነው፣ የተሳሳተችው ተርጓሚዋ ናት። ሙሉ ስሜን ከሥሩ አደረግሁ። የታረመውን ትርጉም አያይዤ አለቃዬ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት።

«ጋሼ፣ ትርጉሙ ትክክል ነው የሚለውን ደብዳቤ መጻፍ አልችልም። ይህን ይፈርሙልኝ። ካልሆነም ስሜ አለበት፣ ያለ ማኅተም ወስጄ እሰጣቸዋለሁ» አልኳቸው።

«ማንን ነው የምታስፈራሪው?»

«ማንንም። እኔው ነኝ የፈራሁት።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ እንደገና አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶ አነሡ። ቆይ፣ አሁን ወረቀቱን ሊሰርዙት ነው ብዬ ሥራዬን በልቤ ተሰናበትኩት። የሰረዙት ግን ስሜን ነበር።

«ተርጓሚዋ አይባልም» አሉኝ ሳያዩኝ። «ድርጅታችን ተሳስቷል በይው። ሳላመሳክር የፈረምኩት እኔ ነኝ። ድጋሚ አትሚው።»

አትሜ አመጣሁ። ፈረሙና ማኅተሙን ጠበቅ አድርገው መቱት። ያን ጊዜ ፍርሃቱ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ለፈቃዱ ቢጠይቁንስ?» አልኩ።

«ይጠይቁና። መልስ አለን» አሉኝ። ደብዳቤውን በፖስታ እያደረጉ «ውሰጂላቸው። ሽማግሌ ሰው በእኛ ጥፋት ያንን ደረጃ ሁለቴ አይውጣ» ብለው ሰጡኝ። እኚህን ሰውዬ እንዲህ የወደድኩበት ቀን አልነበረም።

ከፈቃዱ እንጀምር ካላችሁ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀን ታደሰ። ልጅቷም ደብዳቤውን ቀኑ ሳያልፍ ልካ ዕድሏን አላጣችም። እኔን እስከ ዛሬ የማይለቀኝ ግን ደብዳቤውን ያደረስኩበት ሰዓት ነው።

የልብስ ስፌት ቤታቸው ወደ እሪ በከንቱ ወረድ ብሎ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና የያዘች ጠባብ ክፍል። ልጅቷ ለአባቷ ጀርባዋን ሰጥታ ቁልፍ ትተክላለች። እሳቸው ባዶ እጃቸውን ተቀምጠዋል። ፊታቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ የተሰመረ ጨርቅ ተቆልሏል፤ የተቆረጠ ግን አንድም የለም። እኔ በዓል ደርሶ ሥራ የበዛባቸው መሰለኝ።

በቆምኩበት ተናገርኩት። «አባባ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ትናንትም አውቄ ዝም አልኩዎት። ኅዳር የተወለደ ሰው ሰባት ነው የሚደመርለት።»

ልጅቷ ዞረች። «አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያለው ቁጣ ይገባኝ ነበር፤ አንገቴን ደፍቼ ፖስታውን ሰጠኋት። ከፍታ በልቧ አነበበችው፤ ከዚያ ለአባቷ በአማርኛ ታነብላቸው ጀመር። «የፓስፖርቱ ዓመት ትክክል ነው» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ።

«ስለዚህ ሰባት ነበር» አሉ ሽማግሌው።

«ሰባት ነበር፣ አባባ። እርስዎ ልክ ነበሩ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «እኔኮ ልጄ፣ አእምሮዬ መድከም ጀመረ ብዬ ነበር» አሉ። «ሰባትና ስምንት ከተምታታብኝ የሰው ጨርቅ እንዴት እቆርጣለሁ? ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ መቀስ አልያዝኩም።»

ለካ ጨርቁ የተቆለለው ለዚህ ነው። እኔ በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ዓመት ብቻ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም። ይቅርታ ብዬ ሳልጨርስ ልጅቷ ከወንበሯ ተነሥታ «አባዬ» አለቻቸው። ከክምሩ ላይ አንዱን ጨርቅ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ጫፉንም በሁለት እጇ ያዘችላቸው።

ሽማግሌው መቀሱን አነሡ። ሜትሩ አጠገባቸው ነበር፤ ደግመው ሳይለኩ ቆረጡ።