ጀልባ የሌለው ወንዝ

አያ ሉ ፔይሸንግን ሳስታውስ ከፊቱ ይልቅ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ጉልበቱ ነው።

በሃምሳዎቹ ዓመታት እኛ ሻንጋይ ውስጥ የምንሠራው መዳፍ የምታህል የሥዕል መጽሐፍ ነበር። ኦፔራውንም ሆነ የጥንቱን ልብ ወለድ በየገጹ አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ ሁለት መስመር ጽሑፍ አድርገን እናወጣዋለን። ሕዝቡም በየሰፈሩ መግቢያ ካለው መጽሐፍ አከራይ ዘንድ፣ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ያነበዋል። አያ ሉ ሰዎቹን ይሥላል፤ እኔ ቤቱን፣ ዛፉንና ውኃውን።

እኛ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ ከፎቶግራፍ እያየ ለለቅሶ ቤት የሙታንን ምስል ሲሥል ኖሯል። «የእኔ ደንበኞች አፍንጫዬን አሳጠርክብኝ ብለው አያውቁም» እያለ ያስቀን ነበር። ይቀልድ እንጂ ወደዚያ ሥራ መመለስን አጥብቆ ይፈራ ነበር። የተቀጠረው ለሦስት ወር ሙከራ ነው፤ የያዝነው መጽሐፍ ካልታተመ ይሰናበታል።

መጽሐፉ የአንድ ኦፔራ ታሪክ ነበር። አንዲት ልጅ ወንድሟን ከሞት ፍርድ የሚያድን ደብዳቤ ይዛ፣ ከአንድ ሽማግሌ ቀዛፊ ጋር የሞላ ወንዝ ትሻገራለች። ልጅቷን ሠላሳ ዓመት በመድረክ የተጫወቷት መምህርት ፋንግ ናቸው። እሳቸው ሳይፈቅዱ አንድ ገጽ አይታተምም።

የመጡት ሥዕሉ ማተሚያ ቤት በሚገባበት ዕለት ጠዋት ነው። ሻይ ቀረበላቸው፤ አልነኩትም። ገጹን አንድ በአንድ መግለጥ ጀመሩ። ዋና አዘጋጃችን ቺዩ ሰዓቱን ያያል፤ አያ ሉ ብሩሹን በሁለት እጁ ጨብጧል። ወንዙ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ይህን ጀልባ የሣለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ምስጋና ጠብቄ ነበር። ጣውላ በጣውላ የሣልኳት፣ ስድስት ገጽ የፈጀች ጀልባ ናት።

«ታምራለች። ግን ልጄ፣ መድረክ ላይ ጀልባ አይተህ ታውቃለህ?»

አላየሁም። መድረክ ላይ መቅዘፊያ እንጂ ጀልባ የለም።

«ወንዙን የምናሳየው በጉልበታችን ነው። እኔ ዝቅ ስል ቀዛፊው ከፍ ይላል፤ እሱ ሲወርድ እኔ እወጣለሁ። ይቺ ልጅ ግን» አሉ ወደ አያ ሉ ዞረው፣ «ተገትራለች። ፎቶ ልትነሣ ነው?»

አያ ሉ አመድ መሰለ። «ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ መምህርት። የምሥላቸው ሰዎች አይንቀሳቀሱም ነበር።»

አልሳቁም። «እንዲህ ከሆነ ስሜ አይገባበትም» ብለው ተነሡ።

አያ ሉ በሩ ላይ ቆመ። «እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ አለን። ጉልበቱን ያሳዩኝ!»

ሴትዮዋ ትንሽ አዩት። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና ጥግ የቆመውን መጥረጊያ አቀበሉት። «እንካ፣ መቅዘፊያህ ነው።»

ይወርዳሉ፣ ይወጣል፤ ይወጣሉ፣ ይወርዳል። የሃምሳ ዓመት ጉልበቱ እንደ ደረቅ እንጨት ይንቋቋል። «ዝቅ በል! ዘገየህ! በቃ፣ ሰጠምን!» እያሉ ይጮኹበታል። ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሁለት ጊዜ ተነሣ። ከዚያ ተቀምጦ ስድስቱን ገጽ ያለ ጀልባና ያለ ውኃ፣ ሁለቱን ሰዎች ብቻ አድርጎ እንደ አዲስ ሣለ። እኔ የምጨምረው አልነበረኝም። ጀልባዬን ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። መምህርት ፋንግ አዲሱን አይተው አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁና ሻዩን ጠጡ።

ቺዩ ግን ጮኸ፦ «ይሄ ባዶ ወረቀት እኮ ነው! አንባቢው ሠዓሊዎቹ ሰንፈዋል ይለናል። እኔ አላሳትምም።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል። «ቺዩ ወንድሜ» አለ አያ ሉ፣ «መጽሐፍ አከራዩ ከመንገዱ ማዶ ነው። እዚያ ላሉት አንባቢዎች እናሳያቸው። ጀልባው የታለ ካሉ፣ ዕቃዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

አግዳሚው ላይ ያገኘናት የከሰል ተሸካሚዋን እትዬ ጂንን ነበር፤ ምላሷን ሰፈሩ ሁሉ ይፈራዋል።

«በነጻ ነው?» አለች ወረቀቶቹን ስንሰጣት።

«በነጻ ነው።»

«እንግዲያው የማይረባ ነው ማለት ነው።»

ማንበብ ጀመረች። አንደኛው፣ ሁለተኛው። ሦስተኛው ላይ ግንባሯን ቋጠረች። «ምነው?» አለ ቺዩ ከጀርባዋ።

«ዝም በል!»

አራተኛው ላይ፣ ሳይታወቃት ውኃ እንዳይነካት ይመስል ሁለት እግሯን ከመሬት አንሥታ አግዳሚው ላይ አወጣች።

«ጀልባው አልጎደለም?» አለ ቺዩ።

«የቱ ጀልባ? ቆመውበት የለም እንዴ! ይልቅ ይሄ ሽማግሌ ልጅቷን ሊጥላት ነው። ቀጥሎ ያለውን አምጣው፣ አታስጨንቀኝ!»

ቺዩ ገጾቹን ከእጇ እየለመነ ተቀብሎ ወደ ማተሚያ ቤት ሮጠ። አያ ሉ ግን የቀዘፋው ልምምድ ጉልበቱን ይዞት ከተቀመጠበት መነሣት አቃተው፤ በብብቱ ይዤ አነሣሁት።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ሠራን። ደረጃ በወጣን ቁጥር ጉልበቱ ይንቋቋል። ዞር ብዬ ሳየው፣ «ምንም አይደለም፤ ወንዙ ነው» ይለኝ ነበር።