«አልገባኝም፣ ድገሚው»

አያቴ በደብራችን ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ነበሩ። መሐል ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ስገባ፣ እኔንም እንደ ቆሎ ተማሪ አቁመው፣ ደብተር አስዘግተው፣ የሳይንስ ቃላት በቃሌ ያስብሉኝ ጀመር። አጎዛቸው ላይ ተቀምጠው «ዛሬ ምን ቀለም ተቀበልሽ?» ይላሉ። ኦስሞሲስ ይሁን ፍሪክሽን፣ በአማርኛ አስረዳቸዋለሁ። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አልገባኝም፣ ድገሚው።» ምላሴ እስኪፈታ አልቀመጥም።

ታመው የተኙ ጊዜ ኢቫፖሬሽንን ይዤ አልጋቸው አጠገብ ቆምኩ። «ውሃ ሳይፈላም ቀስ እያለ ተን ሆኖ ይሄዳል» አልኳቸው።

«ገባኝ፣ ልጄ። ተቀመጪ» አሉኝ።

ያኔ ፈራሁ።

አሁን አጎዛው ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ዘግቼ ፊት ለፊቱ እቆማለሁ። የቀኑን ቃል አንዴ ብዬ እቀመጣለሁ፤ የሚያስደግመኝ የለም።