ስድስተኛው ቤት ላይ የቆመው ቄስ

ደክሞኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ በዚያ ዓመት ያደረግኩትን ሁሉ ያደረግኩት በድካም ነውና። የነዳጅ ዋጋ ጣራ በነካበት ዘመን ካልጋሪ ውስጥ እንቅልፍ የቅንጦት ዕቃ ሆኖ ነበር። ሱቁ ሁሉ "ሠራተኛ እንፈልጋለን" የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፏል። እኔ መሀል ከተማ የሚገኝ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ ነበርኩ፤ ሱፐርቫይዘሯ ብቅ ባለች ቁጥር "ኦቨርታይም ትወስጃለሽ?" ነው። ባለቤቴ ሰሜን፣ ዘይቱ የሚወጣበት ካምፕ፣ ትራክ ይነዳል። ሁለት ሳምንት እዚያ፣ አንድ ሳምንት ቤት፤ ቤት በሆነባት ሳምንት ደግሞ ይተኛል። ሬንቱ በየዓመቱ ይጨምራል፣ እኛም ሺፍት እንጨምራለን።

ልጄ ልታገባ መሆኗን የነገረችኝ በስልክ ነው፤ አንሶላ ማሽን ውስጥ እየከተትኩ።

"ማሚ፣ ቢዚ እንደሆንሽ አውቃለሁ፣ ግን ጠየቀኝ። የስ አልኩት።"

እልል አልኩ። እልልታዬን ማሽኑ ዋጠው።

ልጁ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ጨዋ፣ ቀና ብሎ የማያይ። የፈራነው ሃይማኖቱን ነበር። እነሱ ኦርቶዶክስ፣ እኛ ጴንጤ። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተችና አባቱም ከሥራ ወደ ሥራ ስለሚሮጥ ያሳደጉት የአባቱ አባት ናቸው። "አባባ ካልመረቁኝ አላገባም" ብሎ ለልጄ በግልጽ ነግሯታል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በእኚህ ሽማግሌ እጅ ነው። ኬክ ገዝቼ ፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ሄድኩ።

ሰማንያ ያለፋቸው፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሰው ናቸው። ስማቸውን ቀድሞም ሰምቻለሁ፤ የዘር ቆጠራ ነገር ከተነሣ የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ። ከኤድመንተን፣ ከቶሮንቶ ሳይቀር ልጁን የሚድር ሁሉ ይደውልላቸዋል። የእገሌ አያት ማን እንደነበረ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደገባ፣ ማንን አግብቶ ማንን እንደወለደ፣ ሁሉም ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። ወረቀት አይነኩም።

"የሃይማኖቱን ነገር ልጆቹ ራሳቸው ይስማሙበት" አሉኝ፣ እኔ ስንት ሌሊት የተብሰለሰልኩበትን በአንድ ቃል። "ሰባት ቤት ግን ይቆጠር። ሰባት ቤት ሳይቆጠር የሚጋባ የለም።"

"ይቆጠር እንጂ አባባ" አልኩ፤ ቀለለኝ። እኛና እነሱ የት ተገናኝተን!

ከልጁ ጀመሩ፤ አንድ። አባቱ፣ ሁለት። እሳቸው፣ ሦስት። የአባታቸውን ስም ጠሩ፣ የአያታቸውን ስም ጠሩ፤ አምስት። ከዚያ ትንሽ ፈገግ አሉ።

"ስድስተኛው ፈረንጅ ነው፤ ቄስ። ደብረ ታቦር አካባቢ ወንጌል ልስበክ ብሎ መጥቶ ንጉሡ መድፍ ያስቀለጡት። ግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም፤ መድፉ ነው የወሰደበት።" ስሙንም ጠሩት።

የኬኩ ሹካ በእጄ ቀረ።

ያን ስም አውቀዋለሁ። የሴት አያቴ እናት አባት ነው። እኛ ቤት ይህ ሰውዬ መመኪያችን ነበር፤ "ወንጌል የገባው በእኛ በር ነው" ይባል ነበር። እኔ ራሴ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስመሰክር ስንቴ አንስቼዋለሁ፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው!

"እናንተስ?" አሉኝ። ዝም ማለት ይቻል ነበር። አፌ ቀደመኝ፤ የእኛም ስድስተኛ እሱ ነው አልኩ።

አባባ ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ሁለት ጣት?"

"ሁለት ጣት። የግራ እጁ።"

"አየሽ፣ እንግዲህ ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው።" ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰው። ደጅ ድረስ ሲሸኙኝ ግን አንድ ቀዳዳ ተዉልኝ። "በአንድ ስም ሁለት ሰው ሊኖር ይችላል። ሁለት ሰዎች ከሆኑ አጣርተሽ አምጪልኝ፣ እመርቃለሁ።"

ልጄ ስትሰማ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። "ማሚ፣ ሲክስ ጄኔሬሽንስ! ላይክ፣ ሲሪየስሊ? ማን ነው ስለዚህ ኬር የሚያደርገው?" ሕጉ እንደማይከለክላቸው አውቃለሁ። ልጁ ግን አያቱን አስቀደመ። ሲቲ ሆል ሄዶ መፈራረም ይችላል፤ ያሳደጉትን ሰው እምቢ ብሎ ግን ሙሽራ መሆን አይችልም። አዳራሹን ያገኘነው ሌላ ሰው ሰርጉን ስለሰረዘ ነበር፤ የነሐሴዋ ቅዳሜ ካለፈች ደግሞ ለሁለት ዓመት ሁሉም ቡክ ተደርጓል። ከዚያ በላይ ያስፈራኝ የልጄ ፊት ነው። እራት ላይ ስልኳን እንኳ መንካት አቆመች።

በየቅዳሜው ከሥራ ስወጣ መሀል ከተማ ያለው ቤተ መጻሕፍት መሄድ ጀመርኩ። አያቶቻቸውን የሚፈልጉ ሰዎችን በነፃ የምትረዳ አንዲት ጡረተኛ ፈረንጅ ነበረች፤ ደግ ሴት። እዚያ የሚመጣው ሰው ሁሉ አያቱ እንዲገኝለት ነው የሚመጣው። እኔ እንዳይገኝብኝ ነው የመጣሁት። ይህን ሳስረዳት ጊዜ ወሰደብን። በመጨረሻ "አሃ፣ ሁለት እንዲሆንልሽ ነው የምትፈልጊው" አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

ሰውዬውን የላከውን የሚሲዮን ማኅበር የድሮ ሪፖርቶች በስክሪን ላይ እናነባለን። እጄ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ ዓይኔ ይከደናል። አንድ ጊዜ አፌን ከፍቼ ተኝቼ ሴትየዋ ኮቷን አልብሳኝ ነቃሁ። ደህና እንግሊዝኛ አለኝ ብዬ ነበር፤ የዚያ ዘመኑ እንግሊዝኛ ግን ዓረፍተ ነገሩ ተጀምሮ አያልቅም። ቢሆንም ሰውዬው ቀስ በቀስ ወጣ። በወጣትነቱ የእጅ ሙያ ያለው ሚሲዮናዊ ሆኖ እኛ አገር መጣ፣ ጥቂት ዓመት ቆየ፣ ወጣ። እንግሊዝ አገር ሄዶ ቅስና ተቀበለና እንግሊዞች ይገዟት ወደነበረችው ህንድ ተላከ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ሠራ፣ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ የገዛ አገሩን ሴት አግብቶ ልጆች ወለደ፣ እዚያው ተቀበረ። ስለ ህንዱ ዘመን ገጽ በገጽ ተጽፏል። ስለ እኛ አገር አንድ አንቀጽ፤ እሱም ስለ ሙቀቱና ስለ ትኋኑ።

በዚያ ስም ሌላ ሰው አልተገኘም።

ሴትየዋ ግን አልታከተችም። የሰውዬው የልጅ ልጅ ልጅ እንግሊዝ አገር በሕይወት እንዳለ፣ የቤተሰቡንም ታሪክ በኢንተርኔት እንደሚያወጣ አገኘች። ኢሜይል ጻፍኩለት፣ ልጄ እንግሊዝኛዬን አስተካከለችልኝ። ማን እንደሆንኩ አልነገርኩትም፤ ፎቶ እንዳለው ብቻ ጠየቅኩ። የዚያኑ ቀን መለሰልኝ። ደስታው ከስክሪኑ ይፈልቃል! የትውልዱን ዛፍ እስከ ቅርንጫፉ ላከልኝ። ፎቶም ላከልኝ።

ሽበታም፣ ጥቁር የለበሰ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ግራ እጁ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አርፏል፤ ሁለት ጣት የለውም። ግንባሩ ቁርጥ የእናቴ ግንባር። ሁለት ሰው ይሁንልኝ ብዬ ለጸለይኩት ጸሎት መልሱ ይኸው አልኩ። ተናደድኩ፣ ግን ደግሞ አላውቅም፣ ያን ግንባር ሳይ ልቤ ፍስስ አለ። ያን ስሜት ይዤ ነው ለሰውዬው እውነቱን የጻፍኩለት። እኛም ልጆቹ ነን፣ ከሁለት እናት የወጣን ሁለት ቤተሰቦች፣ እዚህ ካልጋሪ አለን፣ አልኩት።

አሁን መልሱ ቆየ። ሳምንት አልፎ ሳምንት መጣ። በመጨረሻ የመጣው ጨዋ መልስ ነበር፤ ጨዋነቱ እንደ በረዶ። ቅድመ አያቱ በአቢሲኒያ ሳለ ያላገባና ልጅም ያልነበረው ሰው ነው፤ በዚያ ዘመን የቤት አገልጋዮች የጌታቸውን ስም ለራሳቸው መውሰዳቸው የተለመደ ነበር፤ መልካም ዕድል ይመኝልኛል።

አገልጋዮች! ላውንድሪው ውስጥ ብቻዬን በአማርኛ ጮህኩ። ፊሊፒናዊቷ ባልደረባዬ ሮጣ መጣች፣ እጄ ማሽን ውስጥ የገባ መስሏት።

ፎቶውንና ኢሜይሉን አትሜ ፔንብሩክ ሜዶውስ ተመለስኩ። አባባ ፎቶውን መስኮት አጠገብ ወስደው ለረጅም ጊዜ አዩት። በአውራ ጣታቸው እጁን፣ ጣቶቹ የጎደሉበትን ቦታ ዳሰሱት።

"አንድ ሰው ነው" አሉ።

"አንድ ሰው ነው አባባ።"

"ጎረምሳ ሳለሁ የፈረንጅ ዲቃላ ብለው ሲሰድቡኝ ይህን ሰው አንድ ቀን ባየሁት እል ነበር። አየሁት።" ከዚያ ወረቀቱን ጠቆሙ። "እሱስ ምን ይላል?"

እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። ለማለስለስ ሞክሬ ነበር፤ አገልጋዮች የምትለዋን ግን እንዳለች አነበብኳት። ከዚያ ወዲያ ያልኩትን ያናገረኝ ድካሙ ነው። ለእሳቸው ለሚያህል ሰው እንደዚያ አይባልም።

"አባባ፣ ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ልጆቼ ብሎ አልጠራንም። ጥሎን ሄዶ ሌላ ወለደ። ዘሮቹ እንኳ ዛሬ አሽከሮች ናችሁ ይሉናል። ይኸው ዕድሜውን ሙሉ ሳይዘመደን ኖሮ፣ ዛሬ ልጆቻችንን ለማለያየት ነው ዘመድ የሚሆነን?"

ማልቀስ ጀመርኩ፤ ደክሞኝ፣ ልክ እንደ ሕፃን። አባባ አልተቆጡኝም፣ አላባበሉኝምም። ፎቶውን በግልባጩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና "ሻይሽ ቀዘቀዘ" አሉኝ። እንግዲህ አለቀ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ልጄን ለመጠየቅ የሚላኩት ሽማግሌዎች ግን ቀድሞ በተያዘላቸው ቀጠሮ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሜይላንድ ሃይትስ ያለው ቤታችን መጡ። አባባ አብረዋቸው ነበሩ፤ በሱፍ ልብሳቸው ላይ ነጠላ ደርበው። ለመመረቅ ይሁን ለመከልከል የሚያውቅ የለም። ባለቤቴ ከካምፕ ዓይኑ ቀልቶ ደርሷል። ልጄ ኩሽና ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

ሰላምታው አለቀ፣ ልጃችሁን ለልጃችን ተባለ። ከዚያ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ፣ የራሱን ልጅ ሲድር ለአባባ ደውሎ ያስቆጠረ ሰው፣ "መቼም ዘሩ ይቆጠር" አለ። "አባባ፣ እርስዎ ባሉበት እኛ ምን እንላለን።"

አባባ ጀመሩ። ልጁ፣ አባቱ፣ እሳቸው፣ አባታቸው፣ አያታቸው። አምስት። ቆሙ።

 የዲርፉት አውራ ጎዳና መኪኖች ብቻ ይሰማሉ።

"ቀጥሎስ አባባ?"

"ረሳሁት" አሉ።

 የሰውን ሁሉ አያት የሚያውቁ ሰው የራሳቸውን ቅድመ አያት ረሱ! አፈ ጉባኤው ምንጣፉን እያየ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ምናልባት ትንሽ ጊዜ ቢወስዱ..."

"ረሳሁት አልኩህ እኮ። እርጅና ነው። ከዚያ በላይ አላውቅም።"

ወደ እኔ ዞሩ። እኔ አንድም አላስቀረሁም፤ ሰውዬውንም፣ ስሙንም፣ ጣቱንም ተናገርኩ። አባባ እንግዳ ወሬ እንደሚሰማ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። "እንዲህ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም" አሉ። ከዚያ ተነሡና እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ከኩሽና የልጄ ለቅሶ ሲሰማ ሁሉም የደስታ ነው አለ።

ሰርጉ በነሐሴ ሆነ፤ ደስ አለን። ወሬው ግን ከሰርጉ ቀድሞ ተዳረሰ። አባባ ጃጁ ተባለ። ከኤድመንተን የሚደውል ካለም "እኔ ረስቻለሁ ልጄ፣ ሌላ ሰው ጠይቅ" ይሉት ነበር፣ ቀስ በቀስም የሚደውል ጠፋ። አንድ ቀን ፓርኪንግ ውስጥ ሁለት ሴቶች "ምስኪን፣ ያ ሁሉ ጭንቅላት!" ሲሉ ሰማሁ። ጭንቅላታቸው እንደ ምላጭ ነው ብዬ ልጮህ አሰኘኝ፤ ከጮህኩ የልጄ ትዳር ላይ ነው የምጮኸው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ልጆቹ ሲቲስኬፕ ሰፈር አዲስ ቤት ገዙ፤ ሴት ልጅ ወለዱ። አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ዳይፐር ይዤ ስገባ ልጄን ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ከላይ ከሕፃኗ ክፍል ድምፅ ይመጣል። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ።

አባባ ሕፃኗን ታቅፈው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸውን ነው የሚታየኝ። ቀስ እያሉ፣ አንድ በአንድ፣ ይቆጥሩላታል። "አንቺ፣ አንድ። አባትሽ፣ ሁለት።" ወንድ አያቷ፣ እሳቸው፣ አባታቸው። አያታቸው፣ ስድስት። እዚያ ይቆማሉ ብዬ ጠበቅኩ።

የፈረንጁን ስም ጠሩት፤ ሙሉውን፣ ምንም ሳይሳሳቱ። ትንሿን ግራ እጇን ይዘው ሁለቱን ጣቶቿን እጠፍ አደረጉላት። "ሰባት" አሏት። "ሞላልሽ።"

ወለሉ እግሬ ሥር ጮኸ።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ አባባ።"

ሳይዞሩ ጠየቁኝ። "ምን ሰማሽ?"

"ምንም አልሰማሁም።"

"ጎሽ" አሉኝ። "በይ ነይ ተቀበይኝ፤ ደክሞኛል።"