የሰሌዳው አራተኛ ቀዳዳ

ሥራ የጀመርኩት ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ጣሊያኖች የእህል መጋዘን ቀምተው ለወታደሮቻቸው የቲያትር አዳራሽ ባደረጉት ቤት ነው። አገሩን ከያዙ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። እኔ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ቅኔ ቤት አቋርጬ፣ ከአባቴ ጋር ተኳርፌ ከተማ ገብቻለሁ። ለመንገድ ሥራ ድንጋይ ልሸከም ተሰልፌ ሳለሁ አንድ ሰርጀንቴ፣ የጣሊያኖቹ ሃምሳ አለቃ፣ "ቁጥር የሚያውቅ? መጻፍ የሚያውቅ?" እያለ በሰልፉ አጠገብ አለፈ። እጄን አወጣሁ።

ሰርጀንቴው ፓውሎ ይባላል። በአገሩም የቲያትር ቤት መብራት ሠራተኛ ነበር። ወደ መድረኩ ጀርባ ወሰደኝና አንድ የእንጨት ሰሌዳ አሳየኝ። ሰሌዳው ላይ ዐሥራ ሁለት የነሐስ ቀዳዳዎች በተርታ ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ በላይ አንድ እጀታ አለ። ከጣሪያው ደግሞ ዐሥራ ሁለት ሽቦ ይወርዳል፤ በየጫፉ እስፒና ታስሮበታል። ውጭ የሚጮኸው ዲናሞ ኃይሉን ለሰሌዳው ይሰጣል፤ ሰሌዳው ለመብራቶቹ ያከፋፍላል። የእኔ ሥራ የትኛው ሽቦ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ አውቆ መሰካት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አበላሸሁ። ሦስተኛውን ሽቦ ሰባተኛው ቀዳዳ ውስጥ ሰክቼ፣ ዘፋኙ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ሲዘፍን ብርሃኑ ባዶ ግድግዳ ላይ በራ። ወታደሮቹ በሳቅ ፈነዱ። ሰርጀንቴው አልተቆጣም። "ጻፍ" ብቻ አለኝ። በማግስቱ ከብራና ዐሥራ ሁለት ቁራጭ ቆርጬ፣ በግዕዝ ቁጥር ከ፩ እስከ ፲፪ ጽፌ በየሽቦው ጫፍ አሰርኩ። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳትኩም።

ለሰባት ወር ያህል ከእኔና ከሰርጀንቴው በቀር ሰሌዳውን የሚነካ አልነበረም። ኤሌትሪሲስታ ይሉኝ ጀመር። ገበያ ስወጣ ፒንሳዬን እጀታው እንዲታይ አድርጌ ኪሴ ውስጥ እሰካ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሰርጀንቴው ሰሌዳውን ገልብጦ ጀርባውን አሳየኝ። በየቀዳዳው ጀርባ ኃይል ሲበዛ ተቆርጦ መስመሩን የሚያድን ቫልቮላ አለ። "አራተኛዋን እያት" አለኝ። "ቫልቮላዋ ተቃጠለ፤ ሌላ አጣሁ፤ በመዳብ ሽቦ አሰርኳት። ሌሎቹ ሲበዛባቸው ይቆርጣሉ። ይህቺ አትቆርጥም፤ እሳት ትሆናለች። ከሁለት መብራት በላይ እንዳትጭንባት።" ይህን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

ታከለ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመብራት ማንጠልጠያ ብረት ተሰብሮ የሚጠግን ሲፈለግ ከጉና ግርጌ አመጡት። ቀጥቃጭ ነበር። በእኛ አገር የቀጥቃጭን ነገር ታውቃላችሁ፤ ማረሻውን እንገዛዋለን፣ ማዕዱ ላይ ግን አንቀመጥም። ቡዳ ነው እንላለን። እኔም እንደ ሰዉ ነበርኩ። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ቢበልጠኝም "አንተ" አልኩት፤ እሱ ደግሞ "ደብተራው" ይለኝ ነበር።

ማንጠልጠያውን ከአዲስ ይልቅ አጠንክሮ ሠራው። ሰርጀንቴው ብረቱን በእጁ እያገላበጠ ብዙ ጊዜ አየውና እዚያው ቀጠረው። ወደ እኔ ዞሮ፣ "ቮርኩ፣ አስተምረው። የምታውቀውን ሁሉ" አለኝ። ወርቁ ነው ስሜ፤ አፉ አልገራ ብሎት ነው።

ግማሹን አስተማርኩት። እስፒና ማሰርን፣ በናስትሮ መጠቅለልን አሳየሁት። ቁጥሮቹን ግን አላሳየሁትም። ዐሥራ ሁለት ምልክት በአንድ ቀን የሚጠና ነው፤ ሆን ብዬ ተውኩት። ስለ አራተኛዋም ትንፍሽ አላልኩም። አንድ ቀን ስመጣ በየሽቦው ላይ፣ ከእኔ ብራና ሥር፣ ትንንሽ የበግ ቀንድ ቁራጭ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ቁራጮቹ በሞረድ ተጭረዋል፤ አንዱ አንድ ቦታ፣ ሌላው ሁለት ቦታ፣ እንዲያ እያለ እስከ ዐሥራ ሁለት።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ለራሴ ነው፣ ደብተራው። ዓይኔ ፊደል አያውቅም፤ ጣቴ ግን ይቆጥራል።"

ሳቅሁበት። ውስጤ ግን አልሳቀም። እኔ ያያያዝኩት ሽቦ ሲግል እሱ ያያያዘው ቀዝቃዛ ነበር። እኔ በአንድ ሙሉ ጠዋት የምፈታውን ችግር ሽቦውን በእጁ ዳብሶ ያገኘዋል። ሰርጀንቴው "ማስትሮ ታከለ" ይለው ጀመር፤ እኔን እንዲያ ብሎኝ አያውቅም። ከኪሱ የማይለየውን ካቻቪቴ ሰጠው። በምሳ ሰዓት ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ አብሮት ሲበላ እኔ ብቻዬን በር ላይ ቆሜ አያቸው ነበር። እኔ አብሬው የማልበላውን ሰው ፈረንጁ አብሮት እየበላ፣ የምቀናው ግን እኔ ነበርኩ። ቤቴ ስገባ የዚያን ቀን ስንት ጊዜ "ማስትሮ" እንዳለው አሰላስል ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ትዕዛዝ መጣ። ገሳይ ያለውን ምሽግ ሊጎበኝ አንድ ኮሎኔል ስለሚመጣ፣ ቲያትሩ እዚያ ይታይ ተባለ። መብራቶቹን አወረድን፣ ሽቦውን ጠቀለልን፣ ሰሌዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነን መኪና ላይ ጫንን። መኪናው መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ዕቃውን በበቅሎ አዛውረን ስንጓዝ ከጉና የወረደው ዝናብ ያዘን፤ እስክንደርስ አልተወንም።

ገሳይ የተሰጠን አዳራሽ የበቅሎ ጋጣ ነበር። ከደብረ ታቦሩ ይሰፋል፤ ክዳኑ ሣር ነው። የሽቦዎቹን ሳጥን ስከፍት ጽሑፉ በዝናቡ ታጥቦ ብራናዎቼ በሙሉ ነጭ ሆነዋል። ቀለሙን ራሴ ነበር ከጥላሸት የበጠበጥኩት፤ ሙጫው አንሶት ኖሯል። ዐሥራ ሁለት አንድ ዓይነት ጥቁር ሽቦ እግሬ ሥር ተከምሯል፤ ትርኢቱ በማግስቱ አመሻሽ ላይ ነው።

ሰርጀንቴው በቋንቋው ተሳደበ። ታከለ ተንበረከከና ቀንዶቹን እየዳበሰ፣ "ይህ አምስት፣ ይህ ዘጠኝ፣ ይህ አንድ" እያለ በተርታ አስቀመጣቸው። ሰርጀንቴው ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"ማስትሮ፣ ሰሌዳው ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው። ቮርኩ፣ አንተ መብራት ስቀል። መጀመሪያ ግን ስለ ሰሌዳው የምታውቀውን አስረክበው።"

"እሺ" አልኩ። አግዳሚው እንጨት ላይ ወጥቼ መብራት መስቀል ጀመርኩ እንጂ ምንም አላስረከብኩም።

በማግስቱ ጠዋት ታከለ ከታች ጠራኝ። "ደብተራው፣ የአምስተኛዋ ነሐስ መንገድ ላይ ተሰብሯል። የእሷን ሁለት የፊት መብራቶች አራተኛዋ ላይ ብደርባቸው ትችላለች?"

አራተኛዋ ሁለት መብራት ይዛለች። አራት ሊሆንባት ነው። ከላይ ሆኜ፣ "ሰሌዳው ያንተ አይደል? አንተ ታውቃለህ" አልኩት።

ቀና ብሎ ትንሽ አየኝ። ከዚያ ደረባቸው።

በሰዓቱ ያሰብኩትን አልደብቅም። ትጨሳለች፣ መብራት ይጠፋል፣ ኮሎኔሉ ፊት ይዋረዳል፣ ሰርጀንቴው ደግሞ "ቮርኩ!" ብሎ ይጣራል ብዬ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያንን ጥሪ ስጠብቅ ዋልኩ። የሣሩን ክዳን ራሴው ከሥሩ ሆኜ መብራት እየሰቀልኩበት፣ እሳት የሚለው ነገር አልታየኝም። ሊታየኝ አልፈለግሁም።

ትርኢቱ ተጀመረ። የመጀመሪያው ክፍል ሦስት ወይም አራት መብራት ብቻ ስለሚፈልግ በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ክፍል ዘፋኞቹ በሙሉ ሲወጡ የፊት መብራቶች ሁሉ ይበራሉ። ታከለ እጀታዎቹን ወደ ላይ ሲገፋ አዳራሹ ነጭ ሆነ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ የጎማ ሽታ መጣ። ከሰሌዳው ጀርባ እሳት ወጥቶ በሽቦው ላይ እየሮጠ ወደ መጋረጃው ወጣ። ከመጋረጃው በላይ ሣሩ ነበር።

ታከለ የሚነደውን ሽቦ በባዶ እጁ ጨብጦ ከሰሌዳው መንጭቆ ጣለው፤ ከዚያ በዚያው እጁ መጋረጃውን ቀዶ አወረደው። ሁሉም ነገር ጨለመ። አንድ ሰው "ሽፍታ!" ብሎ ጮኸ፤ ሁለት ጥይት ወደ ጣሪያው ተተኮሰ። ፋኖስ ሲመጣ ታከለ መሬት ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁን በግራ እጁ ደግፎ ነበር። ወታደሮች እንዲያ እንዳለ አሰሩት።

ጠዋት በኮሎኔሉ ፊት አቆሙን። ታከለን፣ ከአርበኞች ጋር ተማክሮ አዳራሹን ከነሰዉ ሊያቃጥል ነበር ብለው ከሰሱት። በዚያ ክስ የሚያዝ ሰው ገመድ እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን። ሰርጀንቴው ፊቱ ገርጥቷል፤ መዳቡን ያሰረው እሱ ነው። ወደ እኔ ዞረ።

"ቮርኩ፣ ስለ አራተኛዋ ነግረኸዋል ወይስ አልነገርከውም?"

"ነግሬዋለሁ" የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ብናገረው እኔ ነፃ ነኝ፤ ሰሌዳውም የእኔ ነው። ታከለ አላየኝም፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የእጁን ሕመም በጥርሱ ነክሶ ይዟል። ደግነት አይደለም ያገደኝ። በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ታየኝና ፈራሁ።

"አልነገርኩትም፤ ረሳሁ" አልኩ።

ኮሎኔሉ ቸልተኛ ሀበሻ ነው ብሎ ሃያ ጅራፍ ፈረደብኝ። ታከለን ፈቱት። እጁን ምሽጉ ውስጥ ያለ ሐኪም አጠበለትና በጨርቅ ጠቀለለለት። ከሰዓት በኋላ ጋጣው ግድግዳ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ጀርባዬ እየነደደ እንደምንም አጠገቡ ቆምኩ።

"አያ ታከለ" አልኩት። "አልረሳሁም ነበር። ቀንቼብህ ነው።"

"አውቃለሁ" አለኝ። "ከታች ሆኜ ስጠይቅህ ፊትህን አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ደረብከው?"

"እንዲህ የምትጠላኝ አልመሰለኝማ።"

የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የእጁ ሁለት ጣቶች ታጥፈው ቀሩ። አሰናበቱት፤ እኔን ደግሞ ሌላ ሰሌዳውን የሚያውቅ ስላልነበረ ወደ ቦታዬ መለሱኝ። የተመኘሁትን አገኘሁ። ሰርጀንቴው መጀመሪያ አራተኛዋን ደፈናት፤ ከዚያ ወዲያ ከሥራ ቃል በቀር አላናገረኝም። ጣሊያኖቹ እስኪወጡ ድረስ ቲያትሩን ከቦታ ቦታ ባዛወርን ቁጥር ሽቦዎቹን የማውቀው በታከለ የቀንድ ምልክቶች ነበር። አዲስ ብራና አልጻፍኩም።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ በእህል ወፍጮ ቤት ሞተር፣ ኋላም በከተማ መብራት ሥራ ብዙ ዘመን አገለገልኩ። ታከለን አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ አየሁት። ጉና ግርጌ፣ ሚስቱ ወናፉን እየነፋችለት፣ በግራ እጁ መዶሻ ይዞ ማጭድ ይቀጠቅጥ ነበር። ሥራውን አቁሞ ወጣ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ግባ አላለኝም። ብዙ ሳንቆይ ብረቱ እንዳይቀዘቅዝበት ተመለሰ፤ እኔም ቁልቁለቱን ወረድኩ።

ከእኔ ጋር ለሠራችሁና አሁን ለምትሠሩ የምላችሁ ይህን ነው። ዕቃ ስታስረክቡ ጉድለቱንም አስረክቡ። ተቀባዩን ባትወዱትም፣ ከእናንተ ቢበልጥም፣ አፍ አውጥታችሁ ንገሩት።