አባባ እንሰት የፋቀበት ዓመት

የቀርከሃ መፋቂያ እርጥብ የእንሰት ግንድ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ትዝ ሲለኝ፣ ከሁሉ በፊት ድካም ይሰማኛል። ደርግ በወደቀ ሰሞን ቦንጋ ለመማር ከእናቴ ወላጆች ከአባባና ከእማማ ጋር ስኖር፣ በበጋ ጠዋት ጠዋት በዚያ ድምፅ እነቃ ነበር። እንሰቱን አባባ ተክሎ ይኮተኩታል፣ ሲደርስም ቆርጦ ይጥላል፤ መፋቁ ግን የሴት ሥራ ስለሆነ፣ እማማ ስትፍቅ ወደዚያ ዝር አይልም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የእማማ ጣቶች በቁርጥማት ተቆልምመው መፋቂያውን መያዝ አቃታቸው። አክስቴ ቀደም ሲል ከሺሺንዳ መጥታ፣ «ሥራ ካቃተሽ እኔ ዘንድ ትኖሪያለሽ፣ አባባን ደካ ያለው ወንድሜ ይወስዳቸዋል» ብላ ነበርና፣ አርባ ዓመት አብረው ኖረው ሊለያዩ መሆኑን ሁለቱም ፈሩ።

ስለዚህ ዝናቡ ባባራ ቁጥር አባባ የጓሮውን በር ዘግቶ፣ ወገቡን ይዞ እያረፈ፣ ራሱ ይፍቅ ጀመር። እማማ አጠገቡ ተቀምጣ ታርመው ነበር።

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ እንጨት የሚጠርቡ መሰልዎት?»

«አሳዪኝ እንጂ። ስትፍቂ መቼ አይቼሽ አውቃለሁ?»

«ማየቱ ነውር ነበራ። አሁን ነውሩም አብሮን አረጀ።»

እኔ ግን ነገሩ አስቆኝ ለጎረቤታችን ለእትዬ ወርቄ ነገርኋት፣ እሷም ገበያ ላይ ላገኘቻት አክስቴ አደረሰች። ወሬ ማቀበል ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፤ አልነበረም።

በጥቅምት አክስቴ እማማን ልትወስድ መጣች። አባባ ድምፅዋን ሰምቶ ከሚፍቅበት መነሣት ይችል ነበር፣ አልተነሣም።

«አባባ፣ ሰው ምን ይላል?» አለች፣ የጓሮውን በር ከፍታ።

«ሽማግሌው ይፍቃል ይላል። ቆጮው ሲደርስ መጥተሽ ቅመሺ፤ ካልጣመሽ ያን ጊዜ ውሰጃት።»

አክስቴ ነጠላዋን አገልድማ፣ «ይነሡ፣ የቀረውን እኔ ልጨርስ» አለች። እማማንም ሳትወስድ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ አልፎ አልፎ እየመጣች ትፍቅላቸው ነበር፤ በቀረው ጊዜ አባባ፣ የሚስቅም እየሳቀ፣ ይፍቅ ነበር።

አባባ ፊደል አልቆጠረም። እኔ ከትምህርት ቤት ወጥቼም ብዙ አንብቤያለሁ፣ ልጆቼንም ቁጭ አድርጌ ስለ መረዳዳት እመክራለሁ፣ ሲያጠፉም እቆጣለሁ። ሚስቴን ወገቧን ካመማት ዓመት ሊሞላት ነው። ትናንት ከምሳ በኋላ ጎንበስ ብላ ሳህን ስታጥብ አየኋት፣ አይቼም ወደ ማነበው ተመለስሁ። ሁለቱም እጆቼ ጤነኞች ናቸው።