«ያልተማሩት» አስተማሪያችን፣ እማማ አስካለ

ዛሬ ጠዋት «እማማ አስካለ አረፉ» ሲሉኝ «የትኛዋ አስካለ?» አልኩ። ሰፈራችን ውስጥ ሌላ አስካለ እንደሌለች እያወቅኩ።

እሁድ ዕለት እኮ ስልኬን ተቀብለውኝ፣ ማጉያ መነጽራቸውን ደቅነው፣ እዚሁ ገጽ ላይ የለጠፍኩትን ጽሑፍ ሲያርሙልኝ ነበር!

አላለቀስኩም። ተናድጃለሁ። ረጋ ያለ ጽሑፍ የምትፈልጉ እለፉት።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። እማማ አስካለ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ባለችው ቅያስ፣ በራቸው ላይ ነጭ ሽንኩርት እየቸረቸሩ ነው የኖሩት። አሥረኛ ክፍል እያለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን የሥነ ጽሑፍ ቃላት ዝርዝር ሰጠን፦ ሲሚሊ፣ ሜታፎር፣ አይረኒ፣ ሃይፐርቦሊ። ትርጉማቸውን ጮክ ብዬ እየሸመደድኩ በደጃቸው ሳልፍ ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ። ሲሚሊ ምንድን ነው?»

ደብተሬ ላይ ያለውን አነበነብኩላቸው።

«ቃሉን አትሸምድጂ፣ ምሳሌውን አምጪ!»

እሳቸው ሽንኩርታቸውን እየላጡ ቀጠሉ፤ «ያ ሚኒባስ እንደ አሮጌ በግ ይስላል። ‹እንደ› አለበት፣ ሲሚሊ ነው። ‹እንደ›ን አውጥተሽ ሚኒባሱን በግ ነው ካልሽው ሜታፎር ሆነ። ገባሽ?»

ገባኝ። ዓመቱን ሙሉ መምህሬ ካስተማረኝ ይልቅ ያቺ ግማሽ ሰዓት ገባችኝ።

«ከየት ተማሩት?» ስላቸው «ላጪ» ብለው ሽንኩርት ያቀብሉኝ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ። አንድ ቅዳሜ ግን ራሳቸው አነሱት።

ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው ተሰማ ተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ደብተሩን ይዞ ኮልፌ ቤታቸው ገባ፤ ያኔ ኮልፌ ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ፣ ቤት አልፎ አልፎ ነው። ጓሮ ቁጭ አድርጎ እንግሊዝኛ ያስተምራቸው ጀመር። ፊደሉን፣ ንባቡን፣ በመጨረሻም እነዚያን የሥነ ጽሑፍ ቃላት።

ሲሚሊ ላይ ሲደርሱ «የራስሽን ምሳሌ ጻፊ» አላቸው። በየቀኑ በደጃቸው የሚያልፍ አንድ የጣሊያን መኮንን ነበር። እሱን አስበው በተሰማ ደብተር ላይ፣ በእንግሊዝኛ «መኮንኑ እንደ አውራ ዶሮ ይራመዳል» ብለው ጻፉ። ተሰማ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ያው መኮንን ወታደሮቹን ይዞ ቤት ለቤት ሲፈትሽ ደብተሩ ተገኘ። አስተርጓሚው የኛው ሰው ነው። ያውም ከተሰማ ጋር አንድ ክፍል የተማረ! ያንኑ ዝርዝር ከዚያው ሰሌዳ ላይ የገለበጠ! «የትምህርት ደብተር ነው» ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

ምን አለ መሰላችሁ? «ለእንግሊዞች የሚላክ ምስጢር ነው። እርስዎንም ዶሮ ብሏል።»

መኮንኑ «ማነው የጻፈው?» ብሎ ጮኸ። እማማ አፋቸውን ሲከፍቱ ተሰማ ቀደማቸው።

«እኔ ነኝ። እሷ ማንበብም አትችልም።»

ወሰዱት። በዚያው ቀረ። ሬሳው እንኳ አልተገኘም።

አስተርጓሚውስ? ነጻነት ከመጣ በኋላ ሸምግሎ፣ ተከብሮ፣ አልጋው ላይ ሞተ። በሕይወት ሳለ መንገድ ላይ ሰላም ሲላቸው አንድ ቀን እንኳ አልመለሱለትም። ደግ አደረጉ!

እማማ ግን የተሰማን ሞት በዚያ ሰው ላይ አልጫኑም፤ በራሳቸው ላይ ነው የጫኑት። «ዶሮ ያልኩት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። ኧረ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ብዬ ስንቴ ተከራከርኳቸው!

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። ለቅሶ ቤት ስደርስ የእድሩ ጸሐፊ ነገ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ጽፈው ጨርሰዋል። አነበብኩት። «ወ/ሮ አስካለ ዘመናዊ ትምህርት የመማር ዕድል ባያገኙም…» ይላል።

ደሜ ፈላ።

«ጋሼ፣ ይሄ ውሸት ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሰርተፊኬት አላቸው እንዴ? ያለ ማስረጃ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ተሰማ «ማንበብ አትችልም» ያለው የእህቱን ነፍስ ለማትረፍ ነው። እናንተስ ምን ልታተርፉ ነው?

ድንኳኑ መሐል ቆሜ ጮህኩ። «እማማ አስካለ እንግሊዝኛ ያስተማሯችሁ እጃችሁን አውጡ!» መጀመሪያ የሰፈራችን የሚኒባስ ሹፌር አወጣ። ቀጥላ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጅ። ከዚያ ከየወንበሩ እጅ ይወጣ ጀመር። ውኃ ስታድል የነበረችው የጸሐፊው የገዛ ልጃቸው ጆጉን መሬት አስቀምጣ «አባዬ፣ እኔንም እኮ እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ» አለች።

ሰውየው ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። ወረቀቱን ቀደዱና እስክሪብቶውን ሰጡኝ። «አንቺው ጻፊው» አሉ።

ጽፌዋለሁ። ነገ የማነበውም እኔ ነኝ። ተሰማም በስሙ ይጠራል፤ እንዴት እንደሞተም ይነገራል።

እማማ አስካለ፣ አሁንም ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። እርስዎ ግን ይረፉ። ወንድምዎን ሲያገኙት ጥፋቱ የእርስዎ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁት። እኔ አይደለም ስልዎ እምቢ ብለውኛል፤ ከሱ አፍ ይስሙት።

ደህና ይሁኑ፣ እማማዬ።